በኤች አይ ቪ ሕሙማን ላይ የሚታይ የሆድ ቲቢ፦ የምርመራና የሕክምና አማራጮች ንጽጽር ለወሎ የጤና ባለሙያዎች

ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ሰው ለሳምንታት ሲያተኩሰው፣ ሌሊት ሲያልበው፣ ሥጋው እያለቀ ሆዱ ግን እየተነፋ ሲሄድ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታሰበው ታይፎይድ፣ አሜባ ወይም የጉበት ሕመም ነው። ሳል ስለሌለው ስለ ቲቢ የሚጠይቀው አይኖርም፤ ተጠርጥሮ ራጅ ቢነሣ እንኳ ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ከታየ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ንጹሕ የደረት ራጅ ግን የሆድ ቲቢ የለም ማለት አይደለም፤ የሆድ ቲቢ ካለባቸው ሰዎች የብዙዎቹ ሳንባ በራጅ ላይ ጤነኛ ይመስላል። ታማሚው ከጤና ጣቢያ ወደ ግል ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ጠበል፣ ከጠበል ወደ ሆስፒታል ሲመላለስ ወራት ያልፋሉ፤ በመጨረሻ ትክክለኛው በር ላይ ሲደርስ ራሱን ችሎ መቆም ያቃተው ይሆናል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በመርሳ፣ በቆቦና በመሰል የወሎ ከተሞች በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች እንዲሁም ሪፈር ተቀብለው በደሴና በወልዲያ ለሚያክሙ ባልደረቦች ነው። ንጽጽሩ የሚመራበት መለኪያ አንድ ነው። የተሻለ ምርመራ ማለት በመጽሐፍ ላይ ከፍተኛ ትክክለኛነት የተጻፈለት ብቻ አይደለም፤ ታማሚው ከመድከሙ በፊት መልስ የሚሰጥና መልሱ ቀጣዩን እርምጃ የሚለውጥ ምርመራ ነው። በላፓሮስኮፒ (በሆድ ላይ በምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) የሚወሰድ ናሙና ከሁሉም የላቀ ማስረጃ ቢሆንም፣ ለሦስት ሳምንት ቀጠሮ የሚያስጠብቅ ከሆነ ሲዲ ፎሩ (የመከላከል አቅምን የሚያሳየው የደም ሕዋስ ቁጥር) 40 ለሆነ ሰው ምርጫ ሊባል አይችልም።

በሽታው የተቀመጠበትን ቦታ መለየት

የሆድ ቲቢ በአራት ቦታዎች ይቀመጣል፦ የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ሽፋንና በሞራው ላይ፣ በአንጀት ላይ (በተለይ ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር በሚገናኝበት በቀኝ የታችኛው የሆድ ክፍል)፣ በሆድ ውስጥ ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች ላይ፣ እንዲሁም በጉበትና በጣፊያ ላይ። ሽፋኑን ሲይዝ ሆድ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው በማይበዛበት ዓይነት ደግሞ ሞራውና አንጀቱ እርስ በርስ ተጣብቀው ሆዱ ሲዳሰስ የሊጥ ስሜት ይሰጣል። አንጀቱን ሲይዝ ተቅማጥና ድርቀት ይፈራረቃሉ፤ ቁርጠቱ ከምግብ በኋላ ይብሳል፤ አንጀቱ እየጠበበ ሲሄድም ማስመለስ ይከተላል። ዕጢዎቹንና ጣፊያውን ብቻ ሲይዝ ግን ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ በቀር ሆድ ላይ የሚዳሰስ ምንም ነገር ላይኖር ይችላል።

የመከላከል አቅሙ ገና ያልተጎዳ የኤች አይ ቪ ታማሚ ላይ የሆድ ቲቢ የሚታየው ቫይረሱ በሌለበት ሰው እንደሚታየው ነው። ሲዲ ፎር ከ200 ሲወርድ፣ ይልቁንም ከ100 በታች ሲሆን፣ ጀርሙ በደም አማካይነት ይሠራጫል፤ ዕጢዎቹና ጣፊያው በብዛት ይያዛሉ፤ ሽንት ውስጥም የጀርሙ ቅንጣት መታየት ይጀምራል። ስለዚህ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው መልሱ ውሃው ውስጥ ነው፤ ሲዲ ፎሩ እጅግ የወረደና ሆዱ ባዶ የሚመስል ሰው መልሱ ሽንቱና አልትራሳውንዱ ውስጥ ነው፤ አንጀቱ ብቻ የታመመ ሰው ግን ከሁሉም ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ በእርሱ ጉዳይ ሪፈር ማዘግየት አይገባም።

በወሎ ከምን ጋር ይምታታል?

የሌላ አገር መመሪያ እንዳለ ቢገለበጥ የሚጎድለው ይህ ክፍል ነው። በሐይቅ አካባቢና በከሚሴ ዙሪያ የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ፤ ለዓመታት የቆየ ቢልሃርዚያ በጉበት ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ዙሪያቸውን አጠንክሮ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ዘግይቶም ውሃ ያስቋጥራል። የጉበት ቫይረስ ቢም እንደዚሁ ጉበትን አጠንክሮ ለሆድ ውሃ ይዳርጋል። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ወርደው የሚመለሱ ወጣቶች ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ) ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ካላዛርና ኤች አይ ቪ ደግሞ አንድ ላይ የሚገኙበት አጋጣሚ በዚያ አካባቢ ሠራተኞች ዘንድ ብዙ ነው። ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ሁለቱንም በሽታዎች ስለሚመስሉ «ባለፉት ሁለት ዓመታት ለሥራ ወዴት ወርደህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ላቦራቶሪ ይቀድማል። በካላዛር ጣፊያው በጣም ገዝፎ ውስጡ ግን ወጥ ሆኖ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ የደም ሕዋሳት ሁሉም ይቀንሳሉ። በቲቢ ጣፊያው መጠነኛ ዕብጠት ይዞ ውስጡ በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች የተሞላ ሆኖ በአልትራሳውንድ ይታያል። በኤች አይ ቪ ታማሚ ላይ የካላዛር የደም ምርመራ ውጤት ነጌቲቭ መሆኑ ብቻውን በሽታውን እንደማያስወግድም መዘንጋት የለበትም።

ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) ሌላው አሳሳች ነው፤ ዕጢዎችን እንደ ቲቢ ያሳብጣል፣ ያተኩሳል፣ ያከሳል። በሴቶች ላይ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርም የሆድ ውሃና የሞራ መጠንከር ያመጣል። ለዚህ ካንሰር የሚታዘዘው ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራ በሆድ ቲቢም ስለሚጨምር፣ በእርሱ ብቻ ተመሥርቶ «ካንሰር ነው» ብሎ ቤተሰብን ማርዳት ተገቢ አይደለም።

የምርመራ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ማንኛውንም መሣሪያ ከመያዝ በፊት አንገት፣ ብብትና ብሽሽት በእጅ ይዳሰሱ። ከሁለት ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ዕጢ ከተገኘ በመርፌ የሚወሰደው ፈሳሽ ወደ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም በዘረ መሉ ወደሚለየው ማሽን) ይላካል። ከዕጢ በተወሰደ ናሙና ላይ ይህ ማሽን በካልቸር (ጀርሙን በላቦራቶሪ በማሳደግ) ከተረጋገጡ 10 ሕሙማን ከ8 በላይ የሚሆኑትን ያገኛል፤ ከሆድ ውሃ ላይ ግን ከ10 ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሆዱ የተነፋ ሰው አንገቱ ላይ ዕጢ ካለው፣ መርፌው መጀመሪያ መግባት ያለበት አንገቱ ላይ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምመክረው ብዙ ጊዜ የሚዘለል ቀላል ነገር በመሆኑ ነው።

የጀርሙን ቅንጣት ሽንት ውስጥ የሚፈልገው የኤልኤፍ-ላም የወረቀት ምርመራ ከሁሉም ፈጣኑ ነው። 60 ማይክሮ ሊትር ሽንት ወረቀቱ ላይ ይጨመራል፤ 25 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያም በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ ከወረቀቱ ጋር በሚመጣው ማነጻጸሪያ ካርድ ላይ ተደግፎ ይነበባል። ከ35 ደቂቃ በኋላ የሚነበብ ውጤት አይታመንም፤ ተራው የበዛበት የተመላላሽ ክፍል ውስጥ ደግሞ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ መቆየቱ የተለመደ በመሆኑ ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት ተኝቶ የሚታከም የኤች አይ ቪ ታማሚ የቲቢ ምልክት ካለው፣ በጠና ከታመመ ወይም የኤች አይ ቪ በሽታው ከጠነከረበት ሲዲ ፎሩ ምንም ያህል ቢሆን ይመረመራል፤ ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች ከሆነ ምልክት ባይኖረውም ይመረመራል። ለተመላላሽ ታማሚ፣ ምልክት ከሌለው፣ ወሰኑ 100 ነው። ምልክት ካላቸው 100 የቲቢ ሕሙማን ውስጥ ምርመራው የሚያገኘው 42 ያህሉን ነው፤ ሲዲ ፎር እየወረደ በሄደ መጠን ግን የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። ፖዘቲቭ ከሆነ ሕክምና ለማስጀመር ይበቃል። ነጌቲቭ ከሆነ ግን ምንም አያስወግድም። በሽታው የት እንደተቀመጠና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን ስለማይናገርም የጂን ኤክስፐርትን ቦታ አይተካም፤ ሁለቱ በአንድ ቀን አብረው ይታዘዛሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

አክታም አይዘለል። የማያስል ታማሚ እንኳ አክታ ማውጣት ከቻለ ለጂን ኤክስፐርት ይሰጥ፤ ሆዱን የያዘው ቲቢ ሳንባውንም በድብቅ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የሪፋምፒሲን መላመድ የሚታወቅበት ቀላሉ መንገድም ይህ ነው። አዲሱ አልትራ የተባለው ካርትሪጅ «ትሬስ» (እጅግ ጥቂት ጀርም) የሚል ውጤት ቢሰጥ በኤች አይ ቪ ታማሚ ላይ እንደ ፖዘቲቭ ተቆጥሮ ሕክምናው ይጀመራል፤ ስለ መላመድ ግን ከዚህ ውጤት ምንም ማወቅ አይቻልም። አክታ ለማውጣት በማይችሉ ልጆች ላይ ሰገራ በዚሁ ማሽን ይመረመራል።

የሆድ ውሃ ካለ በዚያው ቀን ይቀዳ። በማንኛውም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሊሠራ የሚችል፣ ርካሽና ብዙ የሚናገር ምርመራ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቢያንስ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይወሰድ፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ከተላከ ጀርሙ ያለበት ውሃ ነጌቲቭ ሆኖ ይመለሳል። ብዛት ያለው ውሃ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ዝቃጩ ለጂን ኤክስፐርት ይሰጣል። የቲቢ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የገለባ ቀለም ያለው ነው፤ ደም የቀላቀለ ከሆነ ካንሰርም ይታሰብ፤ ወተት የመሰለ ከሆነ የሊምፍ ቧንቧ መዘጋትን ያመለክታል። ቀጥሎ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው የሕዋሳቱ ዓይነት ሲሆን በቲቢ ሊምፎሳይት የተባለው የነጭ ደም ሕዋስ ይበዛል። ሁለተኛው ፕሮቲን ነው፤ በቲቢ በዴሲ ሊትር ከ2.5 ግራም በላይ ይሆናል። ሦስተኛውና ከሁሉም ይልቅ የሚለየው በአንድ ቀን ከተወሰደ ደም አልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት) ላይ የውሃው አልቡሚን ሲቀነስ የሚገኘው ልዩነት ነው። ልዩነቱ በዴሲ ሊትር 1.1 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ጉበት፣ ወደ ቢልሃርዚያ ወይም ወደ ልብ ድካም ያመራል፤ ከ1.1 በታች ከሆነ ወደ ቲቢ ወይም ወደ ካንሰር ያመራል። የሐይቅ አካባቢ ገበሬ ቢልሃርዚያውም ቲቢውም አብረው ሊኖሩበት ስለሚችሉ ልዩነቱ ከፍ ብሎ ሊምፎሳይቱ ከበዛ ቲቢን ከዝርዝር ማውጣት አይቻልም።

ከተራው አጉሊ መነጽር ምርመራ ብዙ መጠበቅ አይገባም፤ በሆድ ውሃ ላይ ጀርሙን የሚያሳየው ከ100 ሕሙማን በሦስቱ ያህል ብቻ ነው። አዴኖሲን ዲአሚኔዝ የተባለው ኬሚካል ልኬት በሚገኝበት ቦታ ግን ከፍተኛ ዋጋ አለው፤ በሊትር ከ39 ዩኒት ገደማ በላይ ሲሆን ቲቢን በጠንካራ ሁኔታ ይደግፋል። ጉበቱ የጠነከረ ሰው ላይ ልኬቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ በሊምፎማ ደግሞ ያለ ቲቢ ከፍ ሊል ይችላል።

አልትራሳውንድ በብዙ የወረዳ ሆስፒታሎች አለ፤ አጠቃቀሙ ግን ለነፍሰ ጡር ብቻ የተወሰነ እስኪመስል ድረስ ለዚህ ሥራ አይፈለግም። ለኤች አይ ቪና ቲቢ ተብሎ በተዘጋጀው አጭር የአልትራሳውንድ ምርመራ ስድስት ነገሮች ይታያሉ፦ በልብ ዙሪያ፣ በሳንባ ዙሪያና በሆድ ውስጥ ውሃ መኖሩ፣ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ የሆድ ዕጢዎች፣ በጣፊያና በጉበት ውስጥ ያሉ ነጠብጣቦች። የጣፊያ ነጠብጣቦች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሱ ስለሆኑ በተለመደው ክብ የሆድ ፕሮብ ብቻ ከታየ ያመልጣሉ። መጀመሪያ ክቡ ፕሮብ ጣፊያውን ያግኝ፤ ከዚያ ለአንገትና ለቆዳ ቅርብ ለሆኑ አካላት በሚያገለግለው ቀጥ ያለ ፕሮብ ተቀይሮ ያው ቦታ እንደገና ይታይ። ወጥ ይመስል የነበረው ጣፊያ በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ሲዲ ፎሩ ዝቅ ያለ፣ የሚያተኩሰው ሰው ላይ ይህ ምልክት ከታየ ሕክምናን ለማስጀመር የሚያበቃ ክብደት አለው፤ ሊምፎማና ሌሎች ኢንፌክሽኖችም እንዲሁ ሊታዩ ስለሚችሉ ግን ማስረጃ ፍለጋው አይቆምም።

ሲቲ ስካን ውስጣቸው የሞተ ዕጢዎችን፣ የወፈረ የአንጀት ግድግዳንና የተጨማደደ ሞራን አጉልቶ ያሳያል። አልትራሳውንዱ የአንጀት መጥበብን ጠርጥሮ ሲያቆም ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ይጠቅማል። ከዚያ ውጪ ታማሚን በሬ ሸጦ ወደ ከተማ እንዲሄድ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ናሙና መውሰድ፣ ማለትም ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ አንጀትን ማየት) ወይም ላፓሮስኮፒ፣ ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ እርግጠኛ ነው። የሚመረጠው በሽታው አንጀት ላይ ብቻ ሲሆን፣ ካንሰር በብርቱ ሲጠረጠር፣ ወይም ሕክምና ተጀምሮ ለውጥ ሳይታይ ሲቀር ነው። ናሙናው ሲወሰድ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ እንዳይገባ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ፎርማሊን ጀርሙን ስለሚገድል ከቁራጮቹ ቢያንስ አንዱ በንጹሕ ጨዋማ ውሃ ለካልቸርና ለጂን ኤክስፐርት ይቀመጥ። ይህ ነገር በኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ከተረሳ ታማሚው ሁለተኛ ጊዜ ሆዱ እንዲከፈት ይገደዳል።

መጠበቅ ወይስ መጀመር?

በደቂቃ ከ30 በላይ የሚተነፍስ፣ ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ ያለፈ፣ ልቡ በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ወይም ሳይደገፍ መራመድ የማይችል የኤች አይ ቪ ታማሚ በጠና የታመመ ይባላል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ የሆድ ቲቢ ምልክቶች ካሉ፣ ናሙናዎቹ ሁሉ ተወስደው ውጤታቸው ሳይጠበቅ ሕክምናው ይጀመር። ራሱን ችሎ የሚራመድ፣ ሲዲ ፎሩም ከፍ ያለ ሰው ግን ለሳምንት ያህል ማስረጃ ቢፈለግለት አይጎዳም፤ እርሱ ላይ ፈጥኖ መጀመር ካንሰርን ወይም ካላዛርን ሊደብቅ ይችላል።

በዚህ መካከል የሚሠራ አንድ ጎጂ ልማድ አለ። ተቅማጥና ትኩሳት ላለው ሰው ሲፕሮፍሎክሳሲን ደጋግሞ ማዘዝ ነው። የዚህ መድኃኒት ዝርያዎች የቲቢን ጀርም በከፊል ስለሚያዳክሙ ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን ይበርዳል፣ ምርመራው ነጌቲቭ ይሆናል፣ ጀርሙም መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጡትን መድኃኒቶች ይላመዳል።

የሕክምና አማራጮች

ስድስት ወር ወይስ ዘጠኝ? ብዙ ባልደረቦች በጥንቃቄ ስም ሕክምናውን ወደ ዘጠኝ ወይም 12 ወር ያረዝማሉ። ለሆድ ቲቢ ስድስት ወር በቂ ነው፦ ሁለት ወር በአራቱ መድኃኒቶች፣ ማለትም በሪፋምፒሲን፣ በአይሶኒያዚድ፣ በፒራዚናማይድና በኢታምቡቶል፣ ከዚያ አራት ወር በሪፋምፒሲንና በአይሶኒያዚድ። 12 ወር የሚያስፈልገው የአንጎል ሽፋን ወይም የአጥንት ቲቢ ሲኖር ነው። ስድስት ወርን ከዘጠኝ ወር ያነጻጸሩ ጥናቶች ማርዘሙ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አላሳዩም፤ በእነዚያ ጥናቶች የነበሩት የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጥቂት ስለነበሩ ግን ስድስተኛው ወር ላይ ክብደቱ ያልተመለሰ ወይም ትኩሳቱ ያልጠፋ ሰው እንደገና ይመርመር እንጂ መድኃኒቱ በዝምታ አይቀጠልለት። ለሳንባ ቲቢ የተፈቀደው የአራት ወር አዲሱ ሕክምና ለዚህ በሽታ አይሆንም። የመድኃኒቱ መጠን በክብደት የሚወሰን ስለሆነ ታማሚው እየወፈረ ሲሄድ መጠኑ አብሮ ይስተካከል፤ ቫይታሚን ቢ6ና ኮትሪሞክሳዞል አብረው ይሰጡ።

ሪፋምፒሲን የተላመደ ጀርም ከተገኘ መንገዱ ሌላ ነው፤ ታማሚው መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሕክምና ወደሚሰጥበት ማዕከል ይላካል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዘልቅ የጤና ተቋማት ተጎድተው፣ ሰውም ተፈናቅሎ ስለነበር፣ ቀድሞ የቲቢ ሕክምና ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ሲመጣ ስለ መላመድ ማሰብ ግድ ነው።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት ምርጫ ላይ የሚሠራ ስሕተት ብዙ ነፍስ ያስከፍላል። ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ጥምር ክኒን ላይ ከ12 ሰዓት በኋላ የሚወሰድ ሌላ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ይጨመራል። ኢፋቪሬንዝ 600 ሚሊ ግራም ያለ ማስተካከያ መሥራት ይችላል፤ እንቅልፍ የሚረብሽና መንፈስን የሚያውክ በመሆኑ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው። በሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው አታዛናቪር የሚወስድ ከሆነ ከሪፋምፒሲን ጋር ፈጽሞ አይሰጠው፤ ወይ ሪፋምፒሲኑ በሪፋቡቲን ይተካ፣ ወይ አታዛናቪሩ በእጥፍ መጠን በሚሰጥ ሎፒናቪር ይለወጥ፤ ቀድሞ ዶሉቴግራቪር ወስዶ ሳይሠራለት የቀረ ካልሆነ ደግሞ ወደ ዶሉቴግራቪር ይዛወር። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ቴኖፎቪሩና ላሚቩዲኑ አይቋረጡ። በመርፌ የሚሰጠው የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ ካልሆነ በቀር ክኒኑና የክንድ ሥር መከላከያው በሪፋምፒሲን ስለሚዳከሙ ሴት ታማሚዎች ይህ ይነገራቸው።

ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያልጀመረ ሰው መቼ ይጀምር? የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲዲ ፎር ምንም ያህል ቢሆን የቲቢ ሕክምና በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲጀመር ይመክራል። የአንጎል ሽፋን ቲቢ ያለበት ብቻ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ራስ ምታት ላለው ሰው መጀመሪያ የክሪፕቶኮከስ (የአንጎል ሽፋንን የሚያጠቃ ፈንገስ) ደም ምርመራና የጀርባ ውሃ ምርመራ ይደረግለት። ከስምንት ሳምንት ይልቅ ሁለት ሳምንት የሚመረጠው ከሞት ስለሚያድን ነው፤ ዋጋው ደግሞ የመከላከል አቅም ሲነቃ የሚመጣው ዕብጠትና ትኩሳት ነው። ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ባሉት ሳምንታት ዕጢዎቹ ያብጣሉ፣ ሆዱ እንደገና ይነፋል፣ ትኩሳቱ ይመለሳል። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ብሎ እንዲያቋርጥ የሚገፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። አስቀድሞ «እታለም፣ በሚቀጥለው ወር ትኩሳቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ክኒኑን ሳታቆሚ ወዲያው እኔ ጋ ነይ» ተብሎ የተነገራት ታማሚ ግን መድኃኒቷን ይዛ ትመጣለች።

ሲዲ ፎሩ 100 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው ላይ ዕብጠትን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ለሁለት ሳምንት 40 ሚሊ ግራም፣ ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት 20 ሚሊ ግራም ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚጀምርበት ቀን አብሮ ቢሰጥ ይህን ምላሽ በ30 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ይህ አማራጭ የሚመረጠው የቲቢ ሕክምናው ለውጥ ሲያሳይና የሪፋምፒሲን መላመድ የሌለ ሲሆን ነው። የቆዳ ወይም የአፍ ካፖሲ ካንሰር ያለበት ሰው አይሰጠው። ሊምፎማ በሚጠረጠርበትም በጊዜያዊ መሻል ስለሚያታልል ከናሙና በፊት አይታሰብ። ስትሮንጊሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል በፕሬድኒሶሎን ምክንያት ወደ መላ ሰውነት ሊሠራጭ ስለሚችል በቅድሚያ ኢቨርመክቲን መስጠት ብልህነት ነው። ለሆድ ሽፋን ቲቢ ተብሎ ለሁሉም ሰው ፕሬድኒሶሎን መስጠት ግን አይመከርም።

ቀዶ ሕክምና የመጨረሻ አማራጭ ሲሆን አንጀት ሲበሳ፣ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ወይም ደም ሲፈስ የግድ ነው። በከፊል የጠበበ አንጀት በመድኃኒት ብዙ ጊዜ ስለሚከፈት ታማሚው ቀላል ምግብ እየበላ ከተከታተሉት ከቢላ ይድናል።

ክትትልና የወሎ ቤት

ትኩሳቱ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ውሃው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይቀንሳል። ከአንድ ወር በኋላ ምንም ለውጥ ካልታየ መድኃኒት የተላመደ ጀርም፣ ሊምፎማ ወይም ካላዛር እንደገና ይፈለግ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም የሚያስመልሰው ሰው የጉበት ኢንዛይም ከመደበኛው ሦስት እጥፍ ካለፈ፣ ምልክት የሌለው ደግሞ አምስት እጥፍ ካለፈ፣ የቲቢ መድኃኒቶቹ ቆመው ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። የሀገር መድኃኒት ይጠጣ እንደሆነ በዚህ ጊዜ በርጋታ ይጠየቅ።

በአንድ ቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ በሚኖርበት ወሎ ጾም የሕክምናው አንድ አካል ሆኖ መታሰብ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በሽተኛ አለመጾሙን በሁለቱም እምነት የሚፈቅድ ሥርዓት ስላለ ሼኩንም የነፍስ አባቱንም ማማከር ይገባል። ከዚያ በኋላ ረመዳንን መጾም የሚሻ ሰው የቲቢ መድኃኒቱን ከስሁር ምግብ ቀደም ብሎ በባዶ ሆድ፣ የመጀመሪያውን ዶሉቴግራቪር ከስሁር ጋር፣ ሁለተኛውን ከኢፍጣር ጋር መውሰድ ይችላል። ጠበል ለሚጠጡት ደግሞ ጠበሉንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በይፋ መናገራቸውን ማስታወስ ክርክሩን ያበርደዋል።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ሪፋምፒሲን በዚያው ቀን ይቆማል፤ በሰውነት ውስጥ ያሳደረው ለውጥ ግን ወዲያው አይጠፋም፤ ስለዚህ ሁለተኛው የዶሉቴግራቪር ክኒን ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። የቲቢ ክፍሉ ታማሚውን «ጨርሰሃል» ብሎ ሲያሰናብተው፣ ይህ ሁለተኛ ክኒን የሚቆምበት ቀን በኤች አይ ቪ መድኃኒት (ኤአርቲ) ካርዱ ላይ መጻፉ ይረጋገጥ።